ያልተዘጉ ጥሪዎች

ትውውቃቸው የጀመረው በመጠራጠር ነበር። እሱ እሷን ጠረጠረ፤ እሷ ደግሞ እሱን። የእሱ ጥርጣሬ ገና በሳምንቱ መና ቀረ። የእሷ ግን ቆይቶ፣ ማንም ባላሰበበት በኩል ዞሮ፣ እውነት ሆነ።

የከተማው የውሃ አገልግሎት የስልክ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠባብ ጠረጴዛዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ በየጠረጴዛው አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማዳመጫ አለ። ውሃ የጠፋበት፣ ቧንቧ የፈነዳበት፣ ቆጣሪው ያበደበት ሰው ሁሉ የሚደውለው እዚህ ነው። ኦፕሬተሮቹ ጠዋት ሲገቡ ሞባይላቸውን በር ላይ ላለው ጥበቃ ያስረክባሉ፤ እሱም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ እስኪወጡ ይጠብቅላቸዋል። ሌላም ደንብ ነበር። ኦፕሬተር ቀድሞ ስልክ አይዘጋም። ደንበኛው ቢሳደብም፣ ቢያለቅስም፣ ዝም ቢልም፣ እሱ እስኪዘጋ ይጠበቃል።

የክፍሉ መከራ ጥሪዎቹን የሚያስተናግደው ሰርቨር ነበር። ደህና ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ድርግም ይላል። ያን ጊዜ ክፍሉ ሙሉ ሰው በአንድ አፍ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል፤ ከዚያ አንዷ ማዳመጫዋን አውልቃ «ሲስተም የለም!» ብላ ታውጃለች። ኃላፊው፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ጡረታ የደረሱ ሰው፣ ሲስተም የለም የሚለውን ቃል ከመስማት ብዛት በእንቅልፋቸውም የሚሰሙት ይመስላቸው ጀመር። መጨረሻ ላይ ሰርቨሩን ወደ ሸጠው ድርጅት ደውለው አፈጠጡ። ድርጅቱ ከሩቅ ከተማ አንድ ባለሙያ ላከ።

የመጣው ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር የሚሰማው ሰው ጎንበስ ማለት ያለበት ወጣት ነበር። ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ባለችው ሙቅ ክፍል ውስጥ ሰርቨሩን ሲመረምር ዋለና ለጋሼ ነገራቸው።

«ሜሞሪው ያፈሳል።»

«ልጄ» አሉት ጋሼ፣ «እኛ የውሃ መሥሪያ ቤት ነን። የሚያፈስ ነገር አይገርመንም። ጠግነውና በሰላም ወደ ቤትህ ግባ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ጠጋኙ ሆነ።

የተላከበት ውል ቀላል ነበር። ሰርቨሩ ሳይወድቅ፣ ማንም ሳይነካው ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከሠራ፣ ጠጋኙ አስፈርሞ ወደ ከተማው ይመለሳል። እስከዚያው እዚሁ ነው።

ሰርቨሩ የወደቀባቸውን ሰዓቶች ሲያመሳክር አንድ ነገር ዓይኑን ሳበው። ብዙው ውድቀት የሚደርሰው አንዲት ኦፕሬተር ተረኛ ስትሆን ነው። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው። ሁሉም ባለመስኮቷ ይሏታል፤ ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር ግን ሌላ ስም ያወጡላታል። «ገደቢስ» ይሏታል፣ እየሳቁ። ቀልድ ነው ይላሉ። ስትሰማው የምትስቀው በአፏ ብቻ እንደሆነ ያየ አልነበረም።

ጠጋኙ ወንበር ስቦ አጠገቧ ሄደ።

«እዚህ ብቀመጥ ይከፋዎታል?»

«ክሱ ምንድን ነው?» አለችው፣ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

«ክስ የለም።»

«ያለ ምክንያት ሰው አጠገብ ወንበር ስቦ የሚቀመጠው ፖሊስ ወይም አማት ነው። እርስዎ የትኛው ነዎት?»

ጠጋኙ ሁለተኛውን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ አንገቱን ሰብሮ ተቀመጠ። እሷም ማሳፈሯን አውቃ ፈገግታዋን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከውጭ የሚገባው ብርሃን ጉንጯ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ አሳየው። ማየት የማይገባውን ያየ መሰለውና ዓይኑን መለሰ።

ሲያዳምጣት ዋለ። ሌሎቹ ኦፕሬተሮች የሚያስቸግር ጥያቄ ሲመጣ «ጥገና ክፍል ነገ ይደውሉ» ብለው ያሰናብታሉ። እሷ ግን «አንዴ ይቆዩኝ» ትልና ደንበኛውን ወደ ጥገና ክፍል ታዛውራለች። ጥገናዎች ካላነሱ ደግማ ታዛውራለች። «እሜቴ፣ አይዝጉብኝ፣ አንድ ጊዜ ልሞክርልዎ» ትላለች። ውሃ የጠፋው የራሷ ቤት የሆነ ይመስል ነበር።

ረፋዱ ላይ አንድ ጥሪ ገባ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የውሃ አገልግሎት ነው፤ ምን ልርዳዎ?»

«ቅሬታ አለኝ» አለ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ።

«ይቀጥሉ፣ ጌታዬ።»

«ልጅ ነበረችኝ። ከቤት ከወጣች ቆየች። ቧንቧው አለ፣ ቆጣሪው አለ፣ እሷ የለችም።»

«የደንበኛ ቁጥርዎን ይንገሩኝ።»

«አንድ። ካንድ በላይ አባት የላትም።»

«ቅሬታዎ ተመዝግቧል። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ልጅዎ ትለቀቅልዎታለች። ሌላ ቅሬታ አለዎት?»

«ለዛሬ ይበቃል። ተባረኪ።»

ሽማግሌው ዘጋ። ባለመስኮቷ የዓይኗን ጥግ በመዳፏ ጠረገች።

«ደንበኛ ነው» አለችው።

«ገብቶኛል። በጣም አስቸጋሪ ደንበኛ።»

ያን ጊዜ ዞራ በደንብ አየችው። አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ብቻውን ይኖራል። ማታ ከዶሮ ጋር ስለሚተኛ፣ ቀን ደግሞ ሞባይሏ ስለሚቆለፍ፣ ልጁን የሚያገኘው እንደ ማንኛውም ቅሬታ አቅራቢ በዚሁ መስመር ነው። እሷ ላይ እስኪደርሰው ሌላ ካነሳ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ይዘጋና እንደገና ይደውላል። ይህን ሁሉ የነገረችው በዚያው ቀን ነው። ለማያውቁት ሰው እንዲህ ማውራቷ እሷንም ገረማት።

በሳምንቱ ስለ እሷ የነበረው ጥርጣሬ አልቆለት ነበር። ወንበሩን ግን አልመለሰም።

አንድ ቀን መስመሩ ለምሳ ተዘግቶ ሁሉም ሲወርዱ ሁለቱ ቀሩ። እሷ ዳቦና ሙዝ ከቤት ይዛ ትመጣለች። እሱ ደግሞ መራቡን ራሱ ረስቷል።

«አሁን በዚህ ክፍል ስልክ የሚያወራ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«እኔና እርስዎ ብቻ ነን። እኛም አናወራም» አለች፣ ዳቦዋን እየቆረሰች።

«ሰርቨሩ ግን መቶ ምናምን ሰው እያወራ ነው ይላል።»

ተነስታ ከኋላው ቆመች። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ማዳመጫዎቹ በየጠረጴዛው ተጋድመዋል።

«በስመአብ! ሙታን ናቸው እንዴ የሚያወሩት?»

«የዘጉ ሰዎች ናቸው። እነሱ ከሄዱ ቆይቷል፤ ሰርቨሩ ግን መሄዳቸውን አላወቀም። ቦታ ይዞላቸው ይጠብቃል። አንድ ሻይ ቤት ያስቡ። ሰው ይመጣል፣ ሻይ ይቀዳለታል፣ ጠጥቶ ይሄዳል። ብርጭቆውን ግን የሚያነሳ የለም። ጠረጴዛው በባዶ ብርጭቆ ይሞላል። መጨረሻ ላይ አዲስ ለመጣ ሰው የሚቀዳበት ሲጠፋ፣ ሻይ ቤቱ ይዘጋል።»

«ሜሞሪ ያፈሳል የሚሉት ይህን ነው?»

«ይህን ነው። የሚወጣ ነገር የለም። የተያዘው አልለቀቅ ብሎ ነው።»

«እና የማን ብርጭቆ ነው የማይነሳው?»

«እሱን ገና አላወቅኩም።»

«ታዲያ አንተ ኢንጂነር ሳትሆን ብርጭቆ ሰብሳቢ ነህ በለኛ!» ብላ ሳቀች።

አንተ አለችው። ሁለቱም ሰሙት። ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። ሙዙን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችው። ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ሙዙን ለመቀበል ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም ቆዩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መልሱን አገኘው። አንዲት ሴትዮ ግቢዋ በውሃ መጥለቅለቁን እየተናገረች ታለቅሳለች። ባለመስኮቷ ወደ ጥገና አዛወረቻት። ጥገናዎች አላነሱም። ሴትዮዋ ሰልችቷት ዘጋች። ጠጋኙ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ያይ ነበር፤ ቁጥሩ በአንድ ጨመረ፣ አልቀነሰም። ለማረጋገጥ ሌላ ጠበቀ። ያውም እንደዚያው። ደንበኛ እየተዛወረ ሳለ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ከማንሳቱ በፊት ከዘጋ፣ ሰርቨሩ ያን ጥሪ መልቀቅ ይረሳል። ነገሩ ይኸው ነበር። ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ቢስተካከል ይድናል።

እጁን ኮምፒውተሩ ላይ አደረገ። ከዚያ የሚከተለው ታየው። ይጠግነዋል፤ ሁለት ሳምንት ይቆጠራል፤ ጋሼ ይፈርማሉ፤ እሱ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል። ያን ጊዜ ባለመስኮቷ ወደ እሱ ዞረች፤ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ መስመር ላይ የያዘችውን ቁጡ ደንበኛ አስመስላ አሳየችው። አፉን ይዞ ሳቀ። እጁንም አነሳ።

ነገ እጠግነዋለሁ አለ። በማግስቱም ነገ አለ።

እንዲያው ዝም ብሎ አልተወውም፤ ይህን ለራሱ ደጋግሞ ይነግረው ነበር። በየምሳ ሰዓቱ ሰርቨሩን አጥፍቶ ያበራዋል። የተከማቸው ሁሉ ይጸዳል፤ ሰርቨሩም ብዙውን ጊዜ ሳይወድቅ ይውላል። ጥሪ ሲበዛ ግን ከምሳ በፊት የሚወድቅበት ቀን አልጠፋም። ያን ጊዜ አንዷ «ገደቢሷ ዛሬም ገባች?» ትላለች፤ ክፍሉም ይስቃል። ጠጋኙ አጠገቧ እንደተቀመጠ ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ አያነሳም። ጋሼ «ከመጣህ ወዲህ ተሽሎታል፣ ግን አልዳነም» ይሉታል። ለድርጅቱም በየሳምንቱ ምርመራው እንደቀጠለ ይጽፋል።

ፍቅራቸውን የማያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ ቢኖር ሰርቨሩ ብቻ ነው። ማታ ማታ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ በእግር ይሸኛታል። አውቶቡሱ ሲመጣ «ይህ ሞልቷል» ትላለች፤ ግማሽ ባዶ ሆኖ። ቀጥሎ የሚመጣውንም ሞልቷል ይላል እሱ። ዝናብ የያዛቸው ቀን የዳቦ ቤት በረንዳ ሥር ተጠልለው ብዙ ቆሙ። ዝናቡ አባርቶ ሌሎቹ ሰዎች ከሄዱ በኋላም እነሱ እየዘነበ እንደሆነ ሁሉ ተጠግተው ቆመው ነበር።

«ሥራህን ስትጨርስ ትሄዳለህ አይደል?» አለችው በዚያ ምሽት።

«ብሄድ ይከፋሻል?»

«ሰርቨሩ ቶሎ እንዳይድን ብዬ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝ» ብላ ሳቀች። ቀጥላም ሳቋን ትታ፣ «ይከፋኛል» አለች።

ልቡ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ሊነግራት የሚገባው ሰዓት ያ ነበር። አልነገራትም።

አባትዬውም ቢሆን ሩቅ ሆኖ የማይሰማው ነገር አልነበረም።

«ሁለተኛ ቅሬታ አለኝ» አለ አንድ ቀን። «አጠገብሽ የሚተነፍስ ሰው ይሰማኛል።»

ባለመስኮቷ በሳቅ ፍርስ አለች። «ጠጋኝ ነው፣ አባዬ።»

«ምን ጠገነ?»

«እስካሁንማ ምንም።»

«አንተ ጠጋኝ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማዎታለሁ» አለ ጠጋኙ።

«ልጄ ምንም የተሰበረባት ነገር የለም። የምትጠግነው ካጣህ፣ ቢያንስ አደራ፣ እንዳትሰብር።»

«እሺ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ከት ብሎ ሳቀና ዘጋ። በሚመጣው ዕረፍት አብረው ሄደው እንዲያዩት ተስማሙ። ጠጋኙም ሁሉን ነገር የሚያቃናበት መንገድ ያገኘ መሰለው። የውሃ አገልግሎቱ ዋና መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሊቀጥር ማስታወቂያ አውጥቷል። ከተቀጠረ መጠገኑ አያስወጣውም። ሥራው እጁ እንደገባ በዚያው ቀን ይጠግነዋል፤ ጉዳዩም ማንም ሳያውቀው ይቀበራል። ለሷ ሳይነግራት አመለከተ። ድንገት ሊያስደስታት ነበር ያሰበው።

ለፈተናው የተጠራበት ቀን ጠዋት የከተማው ትልቁ የውሃ መስመር ፈነዳ።

ገና ከመግባታቸው ስልኩ ይጮህ ጀመር። ጠጋኙ ከመውጣቱ በፊት ሜሞሪውን አየ፤ ገና ግማሽ አልደረሰም። እስከ ምሳ ይበቃል ብሎ ገመተ። ግምቱ የሌላ ቀን ሁሉ ግምት ነበር። የዚያን ቀን ደንበኛው ሁሉ የሚፈልገው ጥገናን ነው፤ ጥገናዎች ደግሞ አንድ ሳይቀሩ የፈነዳው ቧንቧ ጋ ናቸው። የሚዛወረው ጥሪ ሁሉ የሚያነሳው አጥቶ መሃል መንገድ ላይ ይዘጋል። የሰርቨሩም ሜሞሪ በዚያው ልክ ይሞላል።

ፈተናውን አለፈ። «ሰኞ ጀምር» አሉት። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወጣ፣ ከላይ «ሲስተም የለም!» የሚል ድምፅ ሰማ። 

ባለመስኮቷ ማዳመጫዋን በእጇ ይዛ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባቴ ነበር» አለችው። «ሆስፒታል ነኝ አለኝ። ቀዶ ጥገና ሊያደርጉልኝ ነው፣ ልቤን፣ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ፣ በሩ ላይ ነን አለኝ። ከዚያ... ከዚያ ጠፋ።»

ጠጋኙ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሮጠ። እሷ ወደ በሩ ሮጠች። ጥበቃው ቁልፉን ከኪሱ እስኪያወጣ፣ ሳጥኑን እስኪከፍት፣ ሞባይሏ እስኪበራ ዘመን የሄደ መሰላት። የአባቷን ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። የሆስፒታሉን ቁጥር ፈልጋ ስታገኝ፣ ያነሳችው ሴት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ እንደገባ ነገረቻት። ሰርቨሩ ያኔ ተነስቷል። ማዳመጫዎቹ ሁሉ ይንጫረራሉ።

አባቷ ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣም።

እሷን የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ አሳፈሯት። ጠጋኙ አብሬሽ ልሂድ ሲል «አንተ እዚህ ሁን፣ ያ ነገር ሌላ ሰው ላይ እንዳይወድቅ» አለችው። ተመልሶ ወደ ሙቋ ክፍል ገባ። እየተንሰቀሰቀ፣ እንባውን በክንዱ እየጠረገ ኮዱን አስተካከለ። ብዙ አልፈጀበትም። ፀሐይ ገና መስኮቱ ላይ ሳለች ጨርሶ ወጣ።

ለቅሶዋን ጨርሳ ጥቁር ለብሳ ተመለሰች። ሁሉም አቅፈው አጽናኗት፤ ጋሼ እንባቸውን መቋጠር አቃታቸው። ለምሳ ሲወርዱ መስኮቷ ሥር ቀረች። ጠጋኙም ወንበሩ ላይ ነበር። ጉንጯ ገብቷል። ያቺ ትንሽ ጠባሳ ጎልታ ወጥታለች።

«እኔ ከሄድኩ ሰርቨሩ ወደቀ?»

«አልወደቀም።»

«ተጠገነ?»

«ተጠገነ።»

«መቼ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ያን ቀን» አለ። «ከሰዓት በኋላ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መንገዱ ላይ መኪና ያልፋል፤ ሰው ይስቃል።

«ሁለት ወር ያቃተህን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠገንከው?»

አልመለሰም።

«ምን እንደሆነ ያወቅከው መቼ ነው?»

«አንተ ያልሽኝ ቀን» አለ። ድምፁ ከወትሮው ይበልጥ አይሰማም ነበር፤ እሷ ግን ሰማችው። «ከጠገንኩት መሄዴ ነበር። ካንቺ መለየት አልቻልኩም። ሥራ እስካገኝ ብዬ ነው። ያን ቀን አግኝቼ ነበር። ያን ቀን ልጠግነው ነበር።»

«ገደቢስ ሲሉኝ አጠገቤ ነበርክ።»

«ነበርኩ። አንቺ ገደቢስ አልነበርሽም። ለሰዎቹ ስለምትታገይ ነው። ሌሎቹ አሰናብተው ይገላገላሉ፤ አንቺ ታዛውሪያለሽ። ሰርቨሩ የሚረሳው እነዚያን ነበር።»

«ይህን እያወቅክ ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ።»

እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ የራሷ ያልሆነ ይመስል አየችው። «የመጨረሻ ቃሉን ልንገርህ? አንድም ቀን ያለ ቅሬታ ደውሎ አያውቅም። ያን ቀን፣ በሩ ላይ ነን ካለኝ በኋላ፣ 'ዛሬ እንኳ ቅሬታ የለኝም' አለ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ድርግም አለ። አየህ፣ እኔ በዚህ ወንበር ላይ ቀድሜ የዘጋሁበት ሰው የለም። የሚሳደብም ቢሆን። አባቴ ግን ልጄ ዘጋችብኝ ብሎ ገባ።»

«እንደዚያ አላሰበም—»

«አታውቅም። እኔም አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

ተንበረከከ። ጉልበቷን ሊይዝ ሲል በቀስታ እጁን መለሰችው፤ ቁጣ አልነበራትም፤ ቁጣ ቢኖራት ይሻለው ነበር።

«እወድሃለሁ» አለችው። «ይኸው ነው የገደለኝ። አጠገቤ በተቀመጥክ ቁጥር ያ መስመር ሲጠፋ የሰማሁት ዝምታ ይሰማኛል። ከዚህ ዝምታ ጋር ቤት አልሠራም። ሂድልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ጠጋኙ ጋሼ ፊት፣ ኦፕሬተሮቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ቆሞ ጥፋቱን ተናገረ። ገደቢስ የሚለውን ቃል ራሱ በአፉ ጠርቶ፣ ያ ስም ለሱ እንደሚገባ ነገራቸው። አንዷም አልሳቀችም። ዋናው መሥሪያ ቤት የሰጠውን ሥራ ነሳው፤ ድርጅቱም ወዲያው ጠራው። ጋሼ ሲፈርሙለት ቀና ብለው አላዩትም። ሻንጣውን ይዞ ፌርማታው ላይ ሲቆም የመጣው አውቶቡስ ግማሽ ባዶ ነበር። ተሳፈረ።

ዓመታት አለፉ። ጠጋኙ በራሱ ከተማ ሌሎች ሰርቨሮችን ጠገነ፤ ጥፋት ባገኘ ቁጥር ነገ ሳይል በዚያው ሰዓት ስለሚያስተካክል ትጉህ ተብሎ ተመሰገነ። ምስጋናውን በሰማ ቁጥር ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይወጋዋል። አልፎ አልፎ ወደዚያ የውሃ አገልግሎት ይደውላል። ሰርቨሩ ደህና መሆኑን ላጣራ ነው ይላል ለራሱ፤ ማን ሊያምነው! ሌላ ድምፅ ያነሳል፤ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ይዘጋል።

አንድ ረፋድ ላይ እሷ አነሳች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የውሃ አገልግሎት ነው፤ ምን ልርዳዎ?»

ድምፁ አልወጣለትም። መዝጋትም አልሆነለት።

«ሃሎ? እየሰማሁዎት ነው።» ትንሽ ቆየች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የሚተነፍስ ሰው ይሰማኛል።»

ዓይኑን ጨፈነ።

«ጠጋኝ ነዎት?»

«ነኝ» አለ።

 ከጀርባዋ የሌሎቹ ኦፕሬተሮች ድምፅ ይመጣል። እርስዎ ስትለው፣ ጎኗ ያሉት እንዳያውቁባት መሆኑን ያውቅ ነበር። እንደዚያም ሆኖ አመመው።

«ሰርቨሩ ደህና ነው?»

«ከእርስዎ ወዲህ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም» አለች። «ጌታዬ፣ ልነግርዎ የሚገባኝ ነገር አለ። ቁጥርዎን አጥፍቼው ነበርና የት ብዬ ልደውል? ሆስፒታሉ ሄጄ ነበር። ያን ቀን ስልክ ያቀበለችውን ነርስ አገኘኋት።»

ጠጋኙ ጠረጴዛውን ያዘ።

«መስመሩ ሲጠፋ ምን አለ አልኳት። ሳቀ አለችኝ። 'ውሃው ሲጠፋ ኖሮ ኖሮ አሁን ደግሞ ስልኩም ጀመረው! የልጄን መሥሪያ ቤት መቼም አንድ ነገር አይበረክትለት' ብሎ፣ እየሳቀ ገባ አለችኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ጠበቀችውና መልሶ ጠና። «ዘጋችብኝ አላለም። ይህን እርስዎም ማወቅ አለብዎት ብዬ ነው። ተሸክመውት ይሆናል ብዬ።»

እንባው በአገጩ ወረደ። አልጠረገውም።

«ልምጣ?» አለ። መጠየቅ እንደሌለበት እያወቀ ጠየቀ።

«አይምጡ።» በጣም በለሆሳስ ነው ያለችው። «ባለትዳር ነኝ። ወንድ ልጅ አለኝ፤ የአባቴን ጉሮሮ ይዞ የተወለደ፣ ሲጮህ ሰፈር የሚሰማው። ደህና ነን።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሌላ... ሌላ ቅሬታ አለዎት?»

ሊላት የፈለገው ብዙ ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለሷ የሚጠቅማት አንድ ብቻ ሆኖ አገኘው። ያንንም ለመናገር መብት እንዳለው እርግጠኛ አልነበረም።

«ዛሬ እንኳ ቅሬታ የለኝም» አለ።

መስመሩ ላይ የሷ ትንፋሽ ቆመ። በደልኳት፣ ደግሞ በደልኳት ብሎ ሰውነቱ ቀዘቀዘ። 

«ተመዝግቧል፣ ጌታዬ» አለች በመጨረሻ። እያለቀሰች ነበር፤ ድምፅዋ ግን ፈገግታም ነበረበት። አባቷን ስትሸኝ ኖራ በመጨረሻው ቀን ሳትሰጠው የቀረችውን መልስ፣ ያን ጊዜ መለሰችው። «ቅሬታ የለም ተብሎ ተመዝግቧል። ይባረኩ።»

ደንቡን ያውቃል፤ እሷ አትዘጋም። እሱ እስኪዘጋ ትጠብቃለች። ትንፋሿን ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ፣ ምንም ነገር መሃል ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ ቁልፉን በጥንቃቄ ተጭኖ ዘጋ።

በባለመስኮቷ ከተማ፣ በዚያች ሙቅ ክፍል ውስጥ፣ ሰርቨሩ ጥሪው ማለቁን አወቀ። ይዞለት የነበረውንም ቦታ ለቀቀ።